ዲያቆን የተባለው ፈረስና የሆሊስ እንጉርጉሮ

ወሬ እወዳለሁ። ብክደውም ዋጋ የለውም፣ ከተማችን ሃለም ክሪክ ውስጥ ይህን የማያውቅብኝ ሰው የለም። የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞቻችን በበጋ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የፈረስ ትርኢት ሲያዘጋጁ፣ የአሳማ ሥጋ የገባበት ትኩስ ዳቦና በረዶ የገባበት ሻይ የምሸጠው እኔ ነኝ። ጠረጴዛዬን የምዘረጋው ፈረሶቹ ሜዳ ከመግባታቸው በፊት የሚፈተሹበት አጥር ሥር ነው። "እትዬ ዊሎዲን፣ ወደ መግቢያው ጠጋ ቢሉ እኮ የበለጠ ይሸጣሉ" ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ የበለጠ እሸጥ ነበር። ግን ከመግቢያው ምን ይታያል? የሰው ጀርባ ብቻ ነው።

ከአጥሩ ሥር ሆኜ ዓመታት ሙሉ ያየሁት ሰው ሆሊስ ፔቲግሩ ነው። ሆሊስ ረጅም፣ ቀጭን፣ ለመናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሥራው ፀጉር መቁረጥ ነው። ሱቁ ከፖስታ ቤቱ ጎን ነው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ እንደ አሮጌ ድመት የሚያጉረመርም ቶንዶስ። ሲሠራ ያንጎራጉራል። አንድ የድሮ መዝሙር ነው፣ ቃሉን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ከንፈሩን ገጥሞ፣ በአፍንጫው፣ ዝቅ አድርጎ ያወጣዋል፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይጎትተዋል። እናቱ ስትሞት ሆሊስ ገና ሕፃን ነበር። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ላቮኒያ ናት፣ ዜማውንም ስታስተኛው ስታንጎራጉርለት ነው የለመደው።

ያን ዜማ ከተማው ሙሉ ያውቀዋል። ወንዶቹ ሰብሰብ ብለው ሞቅ ሲላቸው አንዱ ይነሳና ጣቱን እንደ መቀስ እየከፈተና እየዘጋ ያንጎራጉራል፤ "ማነኝ?" ይላል፤ ሌላው ይስቃል። ሆሊስም አብሮ ይስቃል። ሰው ሲቀልድበት የማይከፋው ሰው ብርቅ ነው፣ እኔ ለምሳሌ ይከፋኛል።

አሁን ስለ ፈረሶቻችን ልናገር። የእኛ ፈረስ ሲራመድ ራሱን እየነቀነቀ፣ ጀርባውን ሳያናውጥ ነው፤ ጋላቢው ሻይ ቢይዝ ጠብ አይልም። የድሮ ሐኪሞችና ቀሳውስት የወደዱት ለዚህ ነበር። የትርኢት ተመልካች ግን ልስላሴ አይበቃውም። ፈረሱ የፊት እግሩን እስከ ደረቱ ካላነሳ ጩኸት የለም፣ ጩኸት ከሌለ ዋንጫ የለም። እግሩን እንዲያ የሚያነሳው ደግሞ ሲያቃጥለው ነው። ከሰኮናው በላይ ያለው ለስላሳ ቆዳ የሰናፍጭ ዘይት ወይም ናፍጣ ይቀባና በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ያድራል። ቆዳው ሲላላ ሰንሰለት ይታሰርበታል። ከዚያ ወዲያ ፈረሱ መሬት በረገጠ ቁጥር ፍም የረገጠ ይመስለዋል። ይህን ማንም አያወራውም ነበር፣ ማንም ግን አያጣውም።

ኋላ ይህን የሚከለክል ሕግ ከዋሽንግተን መጣ። እግሩ የቆሰለ ፈረስ ለትርኢት አይቀርብም። እንዴት ይታወቃል? ፈታሹ የፊት እግሩን አንስቶ ያን ለስላሳ ቦታ በአውራ ጣቱ ጫን ይላል። ፈረሱ ሁለቱንም እግሮቹን መንጭቆ ከነጠቀ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ አሰልጣኙም ይቀጣል። ለምን ሁለቱንም? ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ሆሊስን ጠየቅሁት።

"እትዬ ዊሎዲን፣ አንድ እግር ድንጋይ ሊመታው ይችላል" አለኝ። "ሁለቱን እግር እኩል ቦታ የሚመታ ድንጋይ ግን እግዜር አልፈጠረም።"

ፈታሹን ከራሳችን ሰው መርጠን ኮርስ እንድንልክ ሲነገረን ወንዶቹ ሆሊስን መረጡ። "ጉሮሮዬን ለምላጩ የሰጠሁትን ሰው በፈረሴ ባምነው ምን ይገርማል?" አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የመረጡት ለስላሳ ነው፣ ሰው ማስቀየም አይችልም ብለው ነው። በመጀመሪያው በጋ ሆሊስ ፈረሶቹን አንድ በአንድ ወደ መጡበት መለሳቸው። የእህቱ ባል የዶይል ራከር ፈረስም ከተመለሱት አንዱ ነበር። ወንዶቹ ተቆጡና ሱቁን አድመው ተዉት። ፀጉራቸው አንገታቸው ላይ ወረደ፤ የባንክ ሥራ አስኪያጃችን ሳይቀር ጊታር ብቻ የጎደለው ዘፋኝ መሰለ። ሆሊስ ባዶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ ነበር።

ከዚያ ቀስ በቀስ ተመለሱ። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ በነበሩት በጋዎች የሚነጥቅ ፈረስ ጠፋ። ሆሊስ ጎንበስ ይላል፣ እግሩን ያነሳል፣ እያንጎራጎረ ይጫናል፤ ፈረሱ እንደ ተተከለ ግንድ ቀጥ ይላል። ዜማው ያረጋጋቸዋል ብለን ስናደንቅ ኖርን። እኔም አድንቄያለሁ።

"ሰው ተለወጠ እኮ" ይለኛል ሆሊስ፣ ሻዩን ሊወስድ ሲመጣ። ፊቱ ሁሉ ይበራል።

"ሰው መለወጡስ ደግ" እለዋለሁ። "ግን ሆሊስ፣ ፈረሶቹ ዛሬም እግራቸውን ደረታቸው ድረስ ያነሳሉ። ሳይቃጠሉ ማን አስተማራቸው?"

"እኔ እጄ የነገረኝን ነው የማምነው፣ እትዬ።"

እኔ ደግሞ የሚያሳክከኝ ነገር አለ፣ አላስተኛ ብሎኝ ነበር።

የዶይል አዲሱ ፈረስ ጥቁር ነው፣ ከግንባሩ በቀር ነጭ የለበትም። ስሙ ዲያቆን ነው። እንደዚያ ያለ ሸጋ ፈረስ በወረዳችን አልታየም፤ በነሐሴው ትርኢት ዋንጫውን እንደሚወስድ ሁሉም አውቆታል። ችግሩ፣ ዶይል አንዴ ፈረስ ተመልሶበታል። ሁለተኛ ከተመለሰበት ከሥራው ይታገዳል፣ ለሥልጠና ፈረስ የሰጡት ሰዎችም ፈረሶቻቸውን ስበው ይወስዱበታል። በትርኢቱ ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ላቮኒያ ወንድሟን ከዛፍ ሥር አቁማ ስታወራው አየሁ። እኔም ጫማዬ ውስጥ ጠጠር እንደገባ ሰው ቆም አልኩ።

"ሆሊስ፣ በስተርጅና ዶይል ምን ሠርቶ ይብላ? ወፍጮ ቤት ይግባ?" ትለዋለች።

"ፈረሱ ደህና ከሆነ ምን አሳሰበሽ፣ እታለም?"

"ደህና ነው። ደህና ነው አልኩህ! ብቻ አንተ እንዳታበላሸው። ዲያቆንን ከመለስከው እሁድ እሁድ ከጠረጴዛዬ ሥር ወንበር የለህም። በእማማ አጥንት ነው የምልህ።"

ሆሊስ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። የእሱ ቤተሰብ ማለት እሁድ ምሳ ነው፤ የላቮኒያ የበቆሎ ዳቦ፣ አደንጓሬ፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ከእሷ ጋር ዝም ብሎ መቀመጥ። "ካልነጠቀ አልመልሰውም" አላት። እሷም ጉንጩን ስማው ሄደች። እኔ በበኩሌ በጣም አዘንኩለት፤ እናት የሆነችው እህት ስትቆጣ ሰው ስንት ዓመት ቢሆነው ልጅ ነው።

በትርኢቱ ዋዜማ ሆሊስ መንጋጋው አብጦ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ። የኋላ ጥርሶቹን ነቅለው አፉን በጥጥ ጠቀጠቁለት። ቅዳሜ ሲመጣ ጉንጩ ለውዝ የሰበሰበች ሽኮኮ መስሎ ነበር። ዳቦ ሳቀርብለት ራሱን ነቀነቀ፤ ወደ ሻዩ ጠቆመ።

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ጋሼ ሆሊስ!" አለው አንዱ ወጣት ጋላቢ። ሰው ሳቀ፣ እሱም በዓይኑ ሳቀ።

የመጀመሪያው ፈረስ ቀረበ። ሆሊስ ጎንበስ ብሎ እግሩን አነሳና ጫን አለ። ፈረሱ እግሩን በኃይል ነጠቀው፣ ሆሊስ በመቀመጫው መሬት ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረውም። ሌላውን እግር ሞከረ፣ ያም ተነጠቀ። ሆሊስ ግራ ተጋብቶ ጣቱን አየው። ይህ ፈረስ ከበጋው መግቢያ ጀምሮ ሲፈተሽ እንደ ግንድ ይቆም የነበረ ነው። መለሰው። ሁለተኛው መጣ፣ እሱም እንደዚያው። አሰልጣኙ፣ ጉልቤው በርል ስታምፕስ፣ ወደ ሆሊስ ጠጋ ብሎ፦

"ምን ሆነሃል ዛሬ? ምነው አታንጎራጉርም?" አለው።

ሆሊስ እንደሚያመው ሊያሳይ ወደ ጉንጩ ጠቆመ።

"ትንሽ ብቻ! ፈረሱ ለምዶታል፣ በባዶው ይደነግጣል።"

ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ። በርል ስታምፕስ መዝሙር ሲያምረው በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ለእናቱ ቀብር እንኳ መኪናው ውስጥ ቤዝቦል በሬዲዮ ሲሰማ ነው ያረፈደው። እና ዛሬ እንጉርጉሮ ናፈቀው? ጠረጴዛዬን ትቼ አጥሩ ላይ ተንጠለጠልኩ።

ከዚያ ዶይል ዲያቆንን እየሳበ መጣ። ላቮኒያ ከእኔ ትንሽ ራቅ ብላ አጥሩን ይዛ ቆማለች፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳለች። ጥቁሩ ፈረስ የኋላ እግሮቹን ወደ ሆዱ ሥር ሰብስቦ ነበር የቆመው፤ ክብደቱን ከፊት እግሮቹ ሊያሸሽ።

ሆሊስ ጎንበስ ሲል ዶይል ዝቅ ባለ ድምፅ፦ "አንጎራጉርለት እንጂ ሆሊስ። ይወደዋል" አለ።

ሆሊስ ቀና ብሎ አየው። ያ ቃል ከሁለተኛ ሰው አፍ ሲሰማ አንድ ነገር ውስጡ እንደ ገባ ፊቱ ላይ አየሁበት። ጎንበስ ብሎ ጫን አለ። ዲያቆን እግሩን ነጠቀ። ሁለተኛውን ነጠቀ።

"እጅህ ሻካራ ነው!" ብሎ ጮኸ ዶይል። "የታመመ ሰው እጅ ነው። አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ! ድገመው፣ መድገም መብቴ ነው!"

እውነቱን ነው፣ ደንቡ አንዴ መድገም ይፈቅዳል። ሆሊስ ጀርባውን ቀና አድርጎ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ እንደገና ጎንበስ አለ። ሰው ሁሉ ጸጥ ብሏል። በዚያ ጸጥታ መሀል እንጉርጉሮ ሰማሁ።

መጀመሪያ ሆሊስ ጥጡን ተፍቶ የጀመረ መሰለኝ። ዝቅ ያለ፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ የሚጎተት፤ ቁርጥ የሆሊስ። ግን የሆሊስ አፍ አይንቀሳቀስም። የመጣው ከጎኔ ነው። ላቮኒያ አጥሩን ጨብጣ፣ ዓይኗን ፈረሱ ላይ ተክላ፣ ታንጎራጉራለች።

ዲያቆን ተገተረ። ሆሊስ ጫነው፣ አልነቃነቅም አለ። ሌላውን እግር ጫነው፣ ያው ነው። ከሩቅ ላየው ሰላማዊ ፈረስ ነው። እኔ ግን ቅርብ ነበርኩ። ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተለጥፈዋል፣ የዓይኑ ነጭ ወጥቷል፣ ላብ ከጎኑ ይንጠባጠባል። ሕፃን ለማስተኛት በወጣ ዜማ እንስሳ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም።

"አያችሁ! አየህ! ደህና ነው!" አለ ዶይል ለሕዝቡ።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለልኝ። በየአሰልጣኙ ጋጣ ውስጥ አንዱ ሆሊስን ሆኖ ያንጎራጉራል፣ እግሩን ይጫናል። ፈረሱ ከነጠቀ ሌላው አፍንጫው ላይ በዱላ ይለዋል። እንደገና እንጉርጉሮ፣ እንደገና መጫን፣ እንደገና ዱላ። ፈረሱ በመጨረሻ የሚማረው ያ ዜማ ሲሰማ ምንም ቢያመው ንቅንቅ እንዳይል ነው። ሌሎቹ አሰልጣኞች "ማነኝ?" እያሉ በለመዱት ድምፅ ሠርተውበታል። ዶይል ግን ዜማ አያውቅም፣ ሲዘምር ውሻ ያስለቅሳል። ድምፁ ከሆሊስ ጋር አንድ የሆነ ሰው ያስፈልገው ነበር፣ ያ ሰው ደግሞ ከእሱ ጋር ነው የሚኖረው።

ሆሊስ የፈረሱን እግር ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ። ወደ አጥሩ ዞሮ እህቱን አያት። እሷም እንጉርጉሮዋን አቋርጣ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል እጁን ወደ ፈረሱ እግር ሰደደና፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ እግሮቹን በየተራ እንደገና ጫን አለ። ዲያቆን ነጠቀ። ሁለቱንም።

"ሁለተኛው ነው የሚቆጠረው!" አለ ዶይል። "ሁለተኛው ላይ አልፏል! ሴትዮ ብታንጎራጉር ምን አገባህ? ደንቡ ላይ ስለ ዘፈን የሚል አለ? አሳየኝ!"

እኔም ራሴ ማሰቤ አልቀረም። ያው ጣት፣ ያው እግር፤ በዜማ ሲሆን ጤነኛ፣ ያለ ዜማ ቁስለኛ። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ይህን ከየት ያስቡታል? የፈረስን እግር የሚያቆስል ሰው እንዳለ አውቀዋል፣ ሕመሙን እንዳይናገር የሚያስተምር እንዳለ ግን አልታያቸውም።

ሆሊስ ጥጡን ከአፉ አወጣ። ከንፈሩ ደም ነው።

"ያልተዘፈነበት ነው የሚቆጠረው" አለ። "ወደ ቤት ውሰደው፣ ዶይል።"

በርል ስታምፕስ ተሳደበ፣ ዶይልም ተሳደበ፣ እኔም ለሁለቱም የሚገባቸውን ስድብ ሰጠኋቸው፤ አልጸጸትም። ዶይል ፈረሱን ይዞ ሲሄድ ሆሊስ እጠረጴዛዬ ጋ መጥቶ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ላቮኒያም መጣች። ስለ እሁድ አላነሳችም፣ ስለ ዶይል ሥራም አላነሳችም።

"እኔ እኮ ነክቼው አላውቅም" አለችው። "አንድ ቀን በእጄ ነክቼው አላውቅም ሆሊስ፣ በእማማ ይዤሃለሁ። ዱላው የዶይል ነው። እኔ ያንጎራጎርኩ ብቻ ነው።"

"ፈረሱ ይህን በምን ያውቃል፣ እታለም?"

ላቮኒያ ፊቷን አዞረች። ወደ መኪናው ሄደች።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ እኔ እንዴት ቤቴ ልቀመጥ? የኮክ ኬክ ጋግሬ ወደ ራከሮች ቤት ነዳሁ። ኬኩ ሰበብ ነው፣ እነሱም ያውቁታል። የዶይል ፒካፕ ግቢው ውስጥ የለም። የሆሊስ አለ። ጠረጴዛው ላይ ግን ማንም የለም፣ ምግቡ እንደ ተሸፈነ ነው። ከቤቱ ጀርባ ወጣሁ።

ዲያቆን ለትርኢት ሰኮናው ላይ የተመቱለት ወፍራም ጫማዎች ተነቅለው፣ ያለ ሰንሰለት፣ ሣር ላይ ተለቋል። ሆሊስ ቁጢጥ ብሎ ቁስሉን በውሃ ያጥብለታል፣ ምንም ድምፅ አያወጣም። ፈረሱ አንዳንዴ ይነጥቃል፤ ሆሊስም ይለቀዋል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ይጀምራል። ላቮኒያ አጥሩ በር ላይ ቆማለች፤ አንድ ሳህን የበቆሎ ዳቦና አደንጓሬ ለወንድሟ ይዛ ወጥታ፣ ምሰሶው ላይ አስቀምጣለታለች። ሳህኑን ሳየው ልቤ እርፍ አለ፤ ቢያንስ ማዕዱ አልተቋረጠም አልኩ።

በሌላው እጇ ፖም ይዛለች። እኔን አየችኝ፣ ሰላም አላለችኝም። አፏን ጥብቅ አድርጋ ገጥማ፣ ትንፋሿን እንኳ እንዳይሰማ ይዛ፣ ፖሙን በመዳፏ ዘርግታ ወደ ፈረሱ ቀስ እያለች ሄደች።

ዲያቆን መጋጡን አቆመ። ስትመጣ አይቷት አልሸሸም። አራት እግሩን ገጠመ፣ አንገቱን ቀና አደረገ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠፈ፣ ከዚያም ንቅንቅ ሳይል፣ እንደ ተማረው፣ እግሩ እስኪጫን ድረስ ቆሞ ጠበቃት። ላቮኒያ ፖሙን ሣሩ ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላዋ ተመለሰች።